ከሽሮ ሜዳ እስከ ዶርዜ፤ ስለ ግብዣ ጠረጴዛ ልብስ

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣው የአዲስ አበባ መንገድ፣ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነውን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ካለፈ በኋላ፣ አቀበቱን ቀስ በቀስ እየወጣ የእንጦጦን ተራራ ግርጌ ይነካል። በዚያ ሥፍራ ከባሕር ዛፉ ጫካ አስቀድሞ የመንገደኛውን ዓይን የሚስበው ነጭነት ነው። ከሱቆቹ ደጃፍ ላይ ነጠላው፣ ቀሚሱ፣ ኩታውና ጋቢው በግራና በቀኝ ተሰቅሎ ነፋስ ያወዛውዘዋል። ይህ ሽሮ ሜዳ ነው። የአገር ልብስ የሚፈልግ ሰው፣ ሙሽራ ይሁን የሙሽራ እናት፣ ለጥምቀትም ሆነ ለዒድ የሚዘጋጅ፣ ወይም ባሕር ማዶ ላለ ዘመዱ ስጦታ የሚልክ፣ እግሩ ወደዚህ ያደላል።

ተራራው ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈሯ በፊት የተቀመጡበት ነው። ዛሬ በግርጌው ከሚሠሩት ሸማኔዎች የብዙዎቹ አገር ግን እጅግ ሩቅ ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸውና። ከተሜው ሁሉንም በአንድ ስም «ዶርዜ» ይላቸዋል፤ ነገር ግን ዶርዜ የጋሞ አንዱ ክፍል እንጂ ጠቅላላው ጋሞ አይደለም። ይህን ለይቶ የሚጠይቅ እንግዳ በሽሮ ሜዳ ፈገግታ ሳይቸረው አይቀርም።

እኛ ወደዚያ የወጣነው የሚለበስ ፍለጋ አልነበረም። የምናውቃቸው አንዲት ወይዘሮ ሴት ልጃቸውን ለመዳር ተዘጋጅተው፣ የመልሱን ግብዣ በገዛ ቤታቸው ሊያደርጉ ስላሰቡ፣ ለትልቁ ጠረጴዛ የሚሆን ልብስ በአገር ሸማ ለማሠራት ቈርጠው ነበርና አብረናቸው ሄድን። መልስ ማለት ሙሽሮቹ ከሠርጉ በኋላ ወደ ሙሽራይቱ ወላጆች ቤት ተመልሰው የሚስተናገዱበት ግብዣ ነው። ወይዘሮዋ በመንገድ ላይ ሐሳባቸውን ሲገልጡልን፣ «በሠርጉ ቀን አዳራሹም ወንበሩም የጠረጴዛው ልብስም የኪራይ ነው፤ ማታ ቈጥሮ የሚወስደው አለ። በመልሱ ቀን ግን ልጄ የምትቀመጥበት ማዕድ የቤቷ እንዲሆን እፈልጋለሁ» አሉ። ለዚህ ጕዳይ የመደቡት ገንዘብ በመሐረብ ጫፍ ተቋጥሮ ነበር፤ ብዙም አልነበረም።

በአገራችን የቀድሞ ቤት የማዕዱ ሥፍራ መሶብ ነው። መሶብ ከስንደዶና ከአክርማ ሲሰፋ ጌጡን ከራሱ ጋር ይዞ ይወለዳል፤ ስለዚህ ሌላ ልብስ ብዙም አይሻም። ረጅሙ ጠረጴዛ ግን ከኋላ የመጣ እንግዳ ነው፤ እንግዳ ስለ ሆነም ራቁቱን መተው ነውር መሰለ። በብዙ ቤት ይህን እንግዳ ያለበሱት ሴቶች ልጆች በኪሮሽ የሠሩት ዳንቴል ነው። ዳንቴሉ ከጠረጴዛው አልፎ የሶፋውን መደገፊያ፣ የራዲዮኑን ራስ፣ በኋላም የቴሌቪዥኑን ራስ እንደ ተቀዳጀ አንባቢ ያውቃል። እኛ በዚህ አንስቅም፤ የስንት ክረምት የእጅ ሥራ ነውና። ሆኖም ዐሥር ሰው የሚቀመጥበትን ጠረጴዛ በዳንቴል ለማልበስ የሚፈጀው ጊዜ፣ ልጅቱ ታጭታ ተድራ እስክትወልድ ሳይደርስ አይቀርም።

በመጀመሪያው ሱቅ ነጋዴው የዘረጋልን ጨርቅ ሰፊ፣ የማይጨማደድ፣ ዳርና ዳሩ በአረንጓዴና በወርቅማ ቀለም ያጌጠ ነበር። ዋጋውም የወይዘሮዋን ቋጠሮ እምብዛም የሚያጐድል አልነበረም። ወይዘሮዋ ግን አላመነቱም፤ የጨርቁን ጠርዝ ያዙና ገለበጡት። ጀርባው ነጭ ነበር። ጥበቡ ከክሩ ጋር የተሠራ ሳይሆን በማሽን የታተመ የጥበብ አምሳያ ነው። በእጅ የተሠራ ጥለት የሆነ እንደ ሆነ ባለ ቀለሙ ክር ከፊቱም ከጀርባውም ይታያል፤ በጀርባው በኩል እንዲያውም ክሩ ከአንዱ አበባ ወደ ሌላው ሲዘል ይገኛል። አንድ ሌላም መለያ አለ። ከዳሩ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ቢያነኩት፣ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሹ ክር ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ይጠጥራል። ነጋዴው ፊት ይህን ማድረግ ጨዋነት ስላልመሰለን ክብሪቱን ከኪሳችን አላወጣንም።

ስለ ታተመው ጨርቅ ፍርድ ስንሰጥ ግን ሚዛኑን መሳት አይገባም። ከውጭ አገር የሚመጣው ይህ አምሳያ በአንድ ስፋት ጠረጴዛውን ይሸፍናል፤ ሲታጠብ ቶሎ ይደርቃል፤ ገንዘቡ ላነሰው ቤትም የበዓል መልክ ይሰጣል። የሚያሳዝነው ነገር ሌላ ነው። አንድ ሸማኔ ብዙ ቀን ጐንበስ ብሎ የሚያወጣውን ጥለት፣ ማሽኑ ገልብጦ በደቂቃ ያትመውና በዚያው በሸማኔው ሰፈር፣ ከሸማኔው ደጃፍ ፊት ለፊት ይሰቅለዋል።

ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ቀጭን መንገድ ጥቂት እንደ ሄድን የመወርወሪያ ድምፅ ሰማን። ሸማኔው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ የተቀመጡት በመሬት ጠርዝ ላይ ሲሆን እግራቸው ከፊታቸው በተቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ ገብቷል። በእግራቸው ድሩን ይከፍላሉ፤ በእጃቸው መወርወሪያውን ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይወረውራሉ። አማርኛ ለሚማረው አንባቢያችን፣ ድር ማለት በርዝመት የሚዘረጋው ክር ነው፤ ማግ ደግሞ ድሩን በወርድ እያቋረጠ የሚገባው ነው። ሁለት ሰዎች ሳይለያዩ የተስማሙ እንደ ሆነ «እንደ ድርና ማግ ናቸው» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። በዛሬው ሽመና ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ በእንዝርት የተፈተለ የእጅ ክር ነው። የሸማው ልስላሴና ያ ትንሽ ጕርብጥብጥነቱ ከማጉ ይመጣል።

«ጋሼ፣ ለጠረጴዛ የሚሆን ነበር የፈለግሁት» አሉ ወይዘሮዋ።

«ስንት ሰው ይቀመጥበታል፣ እትዬ?»

«ዐሥር ሰው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ አንድ ሜትር ነው።»

ሸማኔው ሥራቸውን አቁመው እጃቸውን ከድሩ በላይ ዘረጉ። «ይኸውልዎት፣ የኔ ወርድ እስከዚህ ነው» አሉ። የጕድጓድ ሽመና ወርድ፣ ሸማኔው መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ለመቀበል ከሚችለው ስፋት አያልፍም፤ የእርሳቸውም 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። ጠረጴዛው ግን ልብሱ በየዳሩ 25 ሳንቲ ሜትር እንዲወርድለት ከተፈለገ፣ በወርድ 150፣ በርዝመት 250 ሳንቲ ሜትር ይጠይቃል። ስለዚህ ሁለት ወርድ ጐን ለጐን መሰፋት አለበት፤ የሚተርፈው ዐሥር ሳንቲ ሜትር ለስፌቱና ለጠርዙ እጥፋት ይውላል። በርዝመቱም የእጅ ፈትል ሲታጠብ ስለሚሰበሰብ 270 እንዲሆን ተስማሙ። የጠረጴዛ ልብስ በአገር ሸማ ለማሠራት የሚያስብ ሁሉ ይህን ሒሳብ ከቤቱ ሠርቶ ቢወጣ ብዙ ንግግር ይተርፈዋል።

ወይዘሮዋ «መካከሉ ላይ ስፌት?» ብለው ቅር አላቸው። ልጃቸው በምትቀመጥበት ማዕድ መካከል እንደ ጠባሳ የሚታይ መሥመር ሊወርድ ነው። በዚያን ጊዜ ወደ ታተመው ጨርቅ ሊመለሱ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሸማኔው ግን ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ከበስተ ኋላቸው ከተሰቀለ ከረጢት አንድ ቁራጭ ጨርቅ አወጡ። ዱንጉዛ ነበር። ዱንጉዛ በጋሞ ወንዶች በበዓል ቀን የሚታጠቁት፣ ቀይና ቢጫ ከጥቁር ጋር የተደረደረበት የአገራቸው ልብስ ነው። «ስፌቱን ይህ ይሸፍነዋል፤ በመካከል ከዳር እስከ ዳር አንጥፉት» አሉ። ነጩን ሜዳ ያ ደማቅ ሰንበር ለሁለት ሲከፍለው በዐይነ ኅሊናችን ታየንና፣ ስፌቱ ባይኖር ኖሮ ሊፈጠር የማይችል ውበት መሆኑን ወዲያው ተረዳን።

ቀጥሎ የጥለቱ ነገር ተነሣ። ወይዘሮዋ መስቀል ያለበትን ጥበብ ዳሰስ አድርገው ተዉት፤ ለቤተ ክርስቲያን በትከሻ የሚደረበውን ምልክት ከወጥ በታች ማንጠፍ ደስ አላላቸውም፤ ከተጋባዦቹም መካከል ሙስሊም ጐረቤቶች አሉ። ጥለቱ ቀላል የሰያፍ ሥራ እንዲሆን፣ እርሱም በሁለቱ የርዝመት ጫፎች ላይ ብቻ እንዲገባ ተወሰነ። በዚህ የሸማኔው ምክር ብልኅነት ነበረበት። በጫፍ ያለው ጥለት ከጠረጴዛው ራስና እግር ወደ ታች ስለሚወርድ እንግዳ ገና ከበር ሲገባ ያየዋል፤ ሳህን አይቀመጥበትም፤ ወጥም አይደርስበትም። በአራቱም ዳር ጥለት የሚያዞሩ አሉ፤ ለእኛ ግን ይህ የልብሱን ነጭነት የሚሻማ መስሎ ይታየናል።

ከዚያ በኋላ ነው ጭንቁ የመጣው። ጊዜው የነሐሴ መጨረሻ ሲሆን መልሱ በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ሸማኔው ለመስቀል ወደ አገራቸው ይሄዳሉ። ይህ በሽሮ ሜዳ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ የጋሞ ሰው ዓመቱን ሙሉ ከከተማ ቢከርምም ለመስቀል ቤቱ ለመግባት ይተጋል፤ በመስከረም ብዙው መወርወሪያ ዝም ይላል። ሸማኔው ድሩን ከዚህ ጀምረው፣ በአገራቸው በባለቤታቸው እጅ የተፈተለውን ማግና አዲሱን ዱንጉዛ ይዘው ተመልሰው ሊጨርሱት ቃል ገቡ። ወይዘሮዋ የመሐረባቸውን ቋጠሮ ፈትተው ግማሹን ዋጋ ቀብድ ሰጡ። ቀብድ ውሉ እንዲጸና አስቀድሞ የሚከፈል ገንዘብ ነው። ስንመለስ ግን «ቢቀሩብኝስ? የማላውቃቸው ሰው ናቸው። ልጄን በባዶ ጠረጴዛ ልቀበላት ነው?» እያሉ አቀበቱን ስንወጣ ከነበረን ደስታ ግማሹን ቁልቁለቱ ላይ ጣሉት።

እኛም በዚያው መስከረም ወደ ጋሞ የሚያደርስ ጕዳይ ስለ ገጠመን፣ በቡታጅራና በሆሳዕና አድርገን፣ ወላይታ ሶዶን አልፈን አርባ ምንጭ ገባን። ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ እየተጠማዘዘ ከሙቀቱ አገር አንሥቶ በአንድ ረፋድ ውስጥ ከ2500 ሜትር በላይ ወዳለው ብርድ ያደርሳል። ወደ ኋላ ዘወር ብሎ የተመለከተ ሰው የዓባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የተባለውን ጉብታ በአንድ እይታ ያገኛቸዋል። ውሃው የአንዱ ቡናማ፣ የሌላው ሰማያዊ መሆኑ ከላይ ሲያዩት ይበልጥ ይደንቃል።

የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተፈትሎ የተሠራ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ቀርከሃው እንደ ድርና ማግ ተጠላልፎ ከፍ ይላል፤ በእንሰት ልብስ ይከደናል፤ ፊቱም እንደ ዝሆን ግንባር ወጣ ይላል። ምስጥ እግሩን በበላው ቍጥር ቤቱ ከዓመት ወደ ዓመት እያጠረ ይሄዳል፤ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው አንሥተው ወደ ሌላ ሥፍራ ያዛውሩታል። ሽመናው በዚህ ደጋ ይሠራ እንጂ ጥጡ ቆላ የሚበቅል ነው። በአንድ ደጃፍ ላይ የተቀመጡ እናት ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ሲያሾሩ አየን። መፍተል የሴቱ፣ መሸመን የወንዱ ሥራ ነው። ለአንድ ሸማኔ ማግ ማድረስ የብዙ ቀን ሥራ መሆኑን እዚያ ቁጭ ብሎ ያየ ሰው፣ በሽሮ ሜዳ ዋጋ ሲጠራ አፉን ቶሎ አይከፍትም። በአገራችን እጀ ሠሪ በሙያው ሲናቅና ሲሰደብ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም «ጨርቅ አይደል እንዴ፣ ለምን ይወደዳል?» የሚለው አነጋገር የዚያው ዘር ነው።

በመስቀል ሰሞን ደጋው ሁሉ ከእንቅልፉ የተነሣ ይመስላል። ሰው ለሠንጋው ሲያጠራቅም የከረመውን ያወጣል፤ የተጣላ ይታረቃል፤ ከከተማ የመጣውም ልጅ በየመንገዱ ይሳማል። ከተማ ሲሠሩ የሚለብሱት ያረጀ ኮት የሆነባቸው ሸማኔዎች እዚህ በዱንጉዛቸው ደምቀው ስናይ፣ ወይዘሮዋ «የማላውቃቸው ሰው» ያሉትን አስታወስን። እኛም በከተማ ዐውቀናቸው ኖሯል ለማለት አያስደፍርም።

ሥራቸው ወደ ሞምባሳና ወደ ዛንዚባር ለወሰዳቸው አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ አንድ ቃል ጣል ብናደርግ አይከፋም። በዚያ ባሕር ዳርቻ ሴቶች የሚለብሱት ካንጋ የተባለው ጨርቅ የፋብሪካ ሥራ ስለ ሆነ የወርድ ችግር የለበትም፤ አንዱ 150 በ110 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ጥንድ ሆኖም ይሸጣል። በአራቱ ዳር ክፈፍ ስላለው ለጠረጴዛ ታስቦ የተሠራ ይመስላል። ነገር ግን በላዩ በስዋሕሊ ቋንቋ የታተመ አባባል አለው፤ አባባሉም አንዳንድ ጊዜ ምክርና ፍቅር፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ለምቀኛ ጐረቤት የተወረወረ አሽሙር ነው። ስለዚህ የአለቃን ቤተ ሰብ የሚጋብዝ ሰው ጨርቁን ከማንጠፉ በፊት ቋንቋውን የሚያውቅ ወዳጅ ቢያስነብብ ከብዙ ኀፍረት ይድናል።

ሸማኔው አልቀሩም። መልሱ ሦስት ቀን ሲቀረው በወይዘሮዋ ደጃፍ በብብታቸው ጥቅል ይዘው ተገኙ። ሁለቱ ወርዶች በሰፊ ስፌት ተያይዘዋል፤ ዱንጉዛውም በላያቸው ታጥፏል። ወይዘሮዋ ቀሪውን ገንዘብ ሲከፍሉ «ጋሼ፣ ሳይቀምሱማ አይሄዱም» ብለው አስገቧቸው፤ ሸማኔውም ቡናው እስኪደርስ ድረስ ጠረጴዛውን እየዞሩ በክንዳቸው ሲለኩት ቆዩ።

ልብሱ ከመነጠፉ በፊት በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበ፤ የጥለቱ ቀለም እንዳይለቅ አስቀድሞ አንድ ጠርዙ በርጥብ ነጭ ጨርቅ ተፈትኗል። ጥቂት እርጥበት ሳለበትም ተተኰሰ። ሸማ ቀላል ስለ ሆነ በለሰለሰ እንጨት ላይ ይንሸራተታል፤ ስለዚህ በሥሩ ያረጀ ጋቢ ተነጠፈ፤ ይህም የሳህኑን ድምፅ ያበርዳል፤ ሸማውንም ሞላ አድርጎ ያሳየዋል። ዘርፉ፣ ማለት በጫፉ የሚንጠለጠለው ክር፣ በጣት እየተፈተለ ተስተካከለ። ድፎ ዳቦው በጠረጴዛው ራስ በነጠላ ተሸፍኖ ቀረበ። ረከቦቱ በጠረጴዛው ላይ እንዳይጣበብ በጐን ከቄጠማው ላይ ተቀመጠ። አበባ በብዛት አልተደረገም፤ የወቅቱ አደይ በአንድ ማሰሮ ብቻ፣ እርሱም ዝቅ ብሎ፣ ሰዎች ፊት ለፊት እንዳይተያዩ በማይከለክል ቁመት ነበር። ሰው ሠራሽ አበባ በዱንጉዛ አጠገብ ማስቀመጥ ለእኛ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

ሙሽራይቱ ገብታ እጇን በዱንጉዛው ላይ ስታሳርፍ እናትየው ሲያዩዋት አየናቸው። ማዕዱ ከተጀመረ ግን ነጭ ልብስ ነጭ ሆኖ አይቆይም። አንድ ሽማግሌ ዶሮ ወጥ ሲያነሡ ጠብ አለባቸውና ደነገጡ። ወይዘሮዋ «ይተዉት አባቴ፣ የመጣው ሊበላበት ነው» ብለው ጥቂት ዱቄት ነሰነሱበት፤ ዱቄቱ ቅባቱን መጠጠው። በማግሥቱ የበርበሬው እድፍ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ለቀቀ። የአልጫው እርድ ግን ሳሙና አልበገረውም፤ ልብሱ እርጥብ እንዳለ ለፀሓይ ተሰጣ፤ እርድ የፀሓይ ብርሃን ያዳክመዋልና በሦስተኛው ቀን ቢጫው ጠፋ።

ሸማኔው ስፌቱን ሰፊ ያደረጉት ኋላ ላይ በቀላሉ እንዲተረተር አስበው ነበር። ወይዘሮዋ ተርትረው አንዱን ወርድ ለልጃቸው ሰጡ፤ ሁለተኛውን ለራሳቸው አስቀሩ። ዱንጉዛው በጠረጴዛው ላይ ቀርቷል።